ስለ ጨብጥ በሽታ ለእናቶችና ለቤተሰብ የተሰጠ ንግግር



ስለ ቤት ንጽሕና በተነጋገርንባቸው ጊዜያት ውሃ ስለ ማፍላት፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈር፣ ዝንብ ስለ መከላከልና እጅ ስለ መታጠብ ተነጋግረናል። ስለነዚህ ሲነገር የሚያፍር የለም። ዛሬ የምነግራችሁ በሽታ ግን ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለእናቱ፣ ወንድምም ለወንድሙ ለመናገር የሚያፍሩበት ነው። ስሙም ጨብጥ ይባላል።

ይህን ስም ስጠራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ እናት፣ አንገቱንም የሚደፋ አባት እንደሚኖር አውቃለሁ። ማፈር ያለ ነገር ነው። ዳሩ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ጨብጥ በጊዜው ከታከሙት የሚድን በሽታ ነው። ሕፃን ዐይኑን የሚያጣው፣ ወጣት ሴት መካን የምትሆነው፣ ትዳርም የሚፈርሰው ግን በበሽታው ኃይል ብቻ ሳይሆን በእኛም ዝምታ ነው። ስለዚህ ዛሬ እፍረቱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ትተን በግልጽ እንነጋገር።

አንድ ምሳሌ

በመጀመሪያ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የአንድ የታወቀ ቤት ታሪክ አይደለም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ እንደ ጎረቤት ነገር አድርጋችሁ ስሙኝ።

አንድ ወጣት ገበሬ የራሱን እርሻ አርሞ ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ገንዘብ ለማግኘት ሲል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወረደ። ሚስቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚያ አገር ሳለ ከአንዲት ሴት ጋር ተኛ። ወደ ቤቱም ተመለሰ። ከተመለሰም ከጥቂት ቀን በኋላ ሽንቱ ያቃጥለው፣ ከብልቱም መግል ይወጣ ጀመር። እርሱ ግን ለማንም ሳይነግር ገበያ ወጥቶ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠ። ጥቂት ሻል አለው። ከወር በኋላ ግን በሽታው እንደ ገና ተነሣበት። በዚህ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት ከነርሷ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ።

«መድኃኒቱ አልሠራልኝም፤ በሽታው ተመልሶ መጣብኝ» አላት።

«ባለቤትዎስ ታክመዋል?» አለችው።

«እሷን ምን አመማትና! እሷማ ጤነኛ ናት» አለ።

ነርሷ ሚስቱን ይዞ እንዲመጣ አጥብቃ ነገረችው። እርሱ ግን «ምን ብዬ እነግራታለሁ?» ብሎ መርፌውን ተወግቶ ብቻውን ተመለሰ። ሚስቱ ጊዜዋ ደርሶ በቤቷ ወለደች። በሦስተኛው ቀን የሕፃኑ ዐይኖች አበጡ፤ ሽፋናቸውም ሲገለጥ መግል ይፈስ ጀመር። አያትየዋ «ምች መትቶት ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ፊቱን ቀቡት፤ የእናቱንም ጡት አልበው በዐይኑ ጠብ አደረጉለት። በክፋት አይደለም፤ የሚያውቁት ይህንኑ ስለ ሆነ ነው። ሕፃኑ ጤና ጣቢያ የደረሰው በሰባተኛው ቀን ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ አንዱ ዐይኑ ግን ጠፋ።

እንግዲህ በዚህ ቤት ማንም ሰው ሌላውን ሊጎዳ አላሰበም። ባልየው አፈረ፤ ሚስቲቱ ምንም አልተሰማትም፤ አያትየዋ ምች መሰላቸው። በሦስቱ መካከል ግን የሕፃኑ ዐይን ጠፋ። ይህ ሁሉ እንዴት እንደ ሆነ፣ እንዴትስ ማስቀረት ይቻል እንደ ነበር አሁን ልንገራችሁ።

ጨብጥ ከምን ይመጣል?

አንዳንድ ሰው ጨብጥ የሚይዘው ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት ነው ይላል። ሌላውም ጨረቃን ፊት ለፊት አድርጎ በመሽናት ነው ይላል። ሰው እንዲህ ማለቱ በሽታው ሲሸኑ እንደ እሳት ስለሚያቃጥል ይመስለኛል። ዳሩ ግን ፀሐይም ጨረቃም ጨብጥ አያመጡም።

ጨብጥ የሚመጣው ባክቴሪያ ከሚባሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በአንዱ ነው። ይህን ተሕዋስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. አልበርት ናይሰር የሚባል የጀርመን ሐኪም በማይክሮስኮፕ አይቶ አስታወቀ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁለት የቡና ፍሬዎች ጠፍጣፋ ጎናቸውን ገጥመው የተቀመጡ ይመስላል። ይህ ተሕዋስ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ የሚኖረው በሰው ገላ ውስጥ ለስላሳና እርጥብ በሆነው ስፍራ ነው፤ ይኸውም በሽንት መውጫ ቱቦ፣ በማሕፀን አፍ፣ በፊንጢጣ፣ በጉሮሮና በዐይን ነው። ከገላ ወጥቶ አየር ሲነካውና ሲደርቅ ግን ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ከዚህ የተነሣ የሚተላለፍበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በሽታው ካለበት ሰው ጋር በሚደረግ ግብረ ሥጋ ነው። ሁለተኛው ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ወደ እርሱ የሚተላለፈው ነው።

በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት፣ እጅ በመጨባበጥ፣ በአንድ መጸዳጃ በመቀመጥ ወይም ልብስ በመዋዋስ ጨብጥ አይይዝም። ስለዚህ በሽተኛውን ከገበታ ማራቅ አያስፈልግም። ገላን መታጠብም መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ጨብጥን አያድንም። ከግብረ ሥጋ በኋላ ውስጥን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በሌላ ነገር የምታጥብ ሴት በሽታውን አታጥበውም፤ እንዲያውም ገላዋን ታስቆጣለች። ውጭውን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል።

በወንድና በሴት ላይ እንዴት ይታያል?

በወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሽንት ሲሸና ያቃጥላል፤ ከብልቱም ነጭ ወይም ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መግል ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ የዘር ፍሬው አብጦ ያምመዋል። ምንም ምልክት የማያሳይ ወንድም አለ።

እናቶች ሆይ፣ አሁን የምለውን ልብ ብላችሁ ስሙ። አብዛኞቹ ሴቶች ጨብጥ ይዟቸው ምንም አይሰማቸውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በወንድ ላይ ተሕዋሱ የሚቀመጠው ሽንት በሚያልፍበት ቱቦ ስለ ሆነ ቃጠሎው ወዲያው ይታወቃል። በሴት ላይ ግን በብዛት የሚቀመጠው ከውስጥ በማሕፀን አፍ ነው። ያ ስፍራ ሽንት አያልፍበትም፤ ሕመምም ቶሎ አይሰማውም። ስለዚህ ሴቲቱ ውሃ እየቀዳች፣ እንጀራ እየጋገረች፣ ልጅ እያዘለች በሽታው በውስጧ ይቀመጣል።

ምልክት የሚታይባቸው ሴቶች ደግሞ ከወትሮው የተለየ ፈሳሽ ያያሉ፤ ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል፤ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ደም ያያሉ፤ ከእምብርታቸው በታች ያምማቸዋል፤ በግብረ ሥጋም ጊዜ ሕመም ይሰማቸዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። «እኔን አላመመኝምና ጤነኛ ነኝ» ማለት አይቻልም። እንዲሁም በሽታው መጀመሪያ የታየበት ሰው መጀመሪያ የተያዘው ሰው ላይሆን ይችላል። ምልክቱ ፈጥኖ በወንዱ ስለ ታየ ብቻ ወይም ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ስትመረመር ስለ ተገኘባት ብቻ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው»፣ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

ሳይታከም ሲቀር የሚያደርሰው ጉዳት

በሴት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ጨብጥ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወደ ማሕፀን፣ ከዚያም ወደ ማሕፀን ቱቦዎች ይወጣል። እነዚህ ቱቦዎች የሴቲቱ እንቁላል የሚያልፍባቸው መንገዶች ናቸው፤ ውስጣቸው በጣም ቀጭን ነው። ቁስሉ በጠገገ ጊዜ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ቱቦውን ይዘጋዋል። ሁለቱም ቱቦዎች የተዘጉባት ሴት አታረግዝም።

በየመንደሩ «መካን ናት» ተብላ የተፈታች ሴት አለች። አማት ታንጓጥጣታለች፤ ጎረቤት ያማታል። ይሁንና ማሕፀኗን የዘጋው በሽታ ከባሏ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባልየውም ሌላ ሴት አግብቶ ልጅ ላያገኝ ይችላል፤ በሽታው የወንዱንም የዘር መተላለፊያ ይዘጋልና። ስለዚህ ልጅ የዘገየበት ቤት ከመጣላትና ከመፋታት በፊት ባልና ሚስት ሁለቱም ይመርመሩ።

ቱቦው ፈጽሞ ሳይዘጋ ጠብቦ ከቀረ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ፅንሱ ወደ ማሕፀን ማለፍ አቅቶት በቱቦው ውስጥ ያድጋል፤ ቱቦውም ሲፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። የወር አበባዋ ቀርቶባት ሳለ በሆዷ በአንድ ወገን ብርቱ ሕመም የተነሣባት፣ ራሷንም የሚያዞራትና የሚጥላት ሴት ካለች «ይሻላት ይሆናል» ብሎ ማደር አይገባም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።

ከዚህም በላይ ጨብጥ ባለበት ሰው ላይ ኤች.አይ.ቪ. በቀላሉ ይገባል፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለበትም ሰው ጨብጥ ሲጨመርበት ለሌላው በቀላሉ ያስተላልፋል። ስለዚህ ለጨብጥ የሚታከም ሰው ለኤች.አይ.ቪ. እና ለቂጥኝም እንዲመረመር ይመከራል።

የሕፃኑ ዐይን

ሕፃን ሲወለድ በማሕፀን አፍ ያልፋል። እናቱ ጨብጥ ካለባት ተሕዋሱ በዚያ ጊዜ ወደ ዐይኑ ይገባል። ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የዐይኑ ሽፋን ያብጣል፤ ብዙ መግልም ይወጣል። ተሕዋሱ በብሌኑ ላይ ያለውን እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን ይበላዋል። ይህ ሽፋን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ነገር ሰባት ቀን መቆየት ቀርቶ አንድ ሌሊት ማሳደርም አደገኛ ነው።

ይህን መከላከል እንደሚቻል ከታወቀ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ካርል ክሬዴ የሚባል ሐኪም በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ በሚያስተዳድረው የማዋለጃ ቤት፣ በሚወለዱት ሕፃናት ዐይን ከብር የተሠራ መድኃኒት ጠብ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ በፊት በዚያ ቤት ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 10 ያህሉ በዚህ የዐይን በሽታ ይያዙ ነበር። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ከ100 አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። አንዲት ጠብታ ይህን ያህል ዐይን አዳነች ማለት ነው።

ዛሬ በእኛ አገር ለዚህ የሚያገለግለው ቴትራሳይክሊን የሚባለው የዐይን ቅባት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሁለቱም ዐይኖቹ የታችኛው ሽፋን ውስጥ ይቀባል፤ ከተቀባም በኋላ አይጠረግም። በጤና ጣቢያ የወለደች እናት «የልጄ ዐይን ተቀባ ወይ?» ብላ ትጠይቅ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በድንገት በቤቷ የወለደችም እናት ሳትዘገይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታስታውቅ።

ይሁን እንጂ ቅባቱ ለመከላከል ነው እንጂ፣ ዐይኑ አብጦ መግል ከጀመረ በኋላ ብቻውን አይበቃም። እንዲህ የሆነ ሕፃን መርፌ ያስፈልገዋል። እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ አርጥባችሁ መግሉን ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ጥረጉ። አንዱን ዐይን የጠረገ ጨርቅ ሌላውን አይንካ። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ አቃጥሉት ወይም አፍልታችሁ እጠቡት። ከዚያም እንደ ገና እጃችሁን ታጠቡ፤ መግሉ የነካው እጅ የራስን ዐይን ቢነካ የአዋቂውን ዐይን ይይዛልና። የእናት ጡት ለሕፃኑ አፍ ነው እንጂ ለዐይኑ አይደለም፤ ሕፃኑን ማጥባቱን አታቋርጡ፤ በዐይኑ ግን የጡት ወተት፣ ቅቤም ሆነ ቅጠል አታድርጉ። ይህን እያደረጋችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እናትና አባትም ከሕፃኑ ጋር ይታከሙ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከአራስነት ያለፈች ትንሽ ልጅ ከብልቷ መግል ቢታይባት አትቆጧት፣ አትምቷት። ክፉ ሰው በደል አድርሶባት ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ አጽናንታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

መድኃኒቱ

የዛሬ ብዙ ዓመት ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ ለጨብጥ ፍቱን መድኃኒት ነበር። ሽማግሌዎች ታስታውሱ ይሆናል። ነገር ግን ሰዎች መድኃኒቱን እየቆራረጡና ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየወሰዱ በመቆየታቸው ተሕዋሱ መድኃኒቱን መልመድ ጀመረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ የጨብጥ ተሕዋስ ተገኘ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች መድኃኒቶች እንዲሁ ለመዱ። አሁን በአብዛኛው የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው። ጨብጥን ተከትሎ የሚመጣ ክላሚዲያ የሚባል ሌላ በሽታ ስላለ፣ ለእርሱም የሚሆን ክኒን አብሮ ይሰጣል። ክላሚዲያም እንደ ጨብጥ ተደብቆ ማሕፀንን ይጎዳል፤ የሕፃኑንም ዐይን ያምማል፤ እርሱ ግን ዘግየት ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል።

ስለዚህ ከገበያ በተገዛ ክኒን፣ ከጎረቤት በተረፈ መድኃኒት ወይም በየመንደሩ በሚወጋ ሰው መርፌ አትታከሙ። ጥቂት ያሻላችሁና በሽታውን ደብቆ ያስቀምጠዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ መፀነሷን ለሐኪሙ ትንገር፤ ለእርሷና ለፅንሷ የማይጎዳ መድኃኒት አለ።

አሁን የንግግሬ ዋና ነገር ላይ ደርሻለሁ። ጨብጥ የሁለት ሰው በሽታ ነው። አንዱ ታክሞ አንዱ ከቀረ አልታከሙም። በምሳሌያችን የነበረው ገበሬ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ቢልም፣ ጤና ጣቢያ የተወጋው መርፌ አድኖት ሳለ እንኳ ከሚስቱ እንደ ገና ሊይዘው ይችል ነበር። ቤት እያፈሰሰ ወለል መጥረግ ማለት ይህ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ይታከሙ፤ ሁለቱም ከታከሙበት ቀን ጀምሮ ለ7 ቀን ከግብረ ሥጋ ይከልከሉ። በቅርብ ወራት ከሌላ ሰው ጋር ተገናኝቶ የነበረም ያ ሰው እንዲታከም ያስታውቅ።

«እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ይህ ጥያቄ ከመርፌው ይልቅ ይከብዳል። ወንድሞቼ ሆይ፣ ረዥም ንግግር አያስፈልግም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ጥፋት አጥፍቻለሁ። በሽታ ይዤ መጥቻለሁ። አንቺን ባያምሽም ይዞሽ ይሆናልና ነገ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ።» ይህን መናገር ያሳፍራል፤ የታወረ ልጅ እጁን ይዞ መምራት ግን ከዚህ ይብሳል።

እኅቶቼ ሆይ፣ እናንተም ይህን ስትሰሙ ማዘናችሁና መቈጣታችሁ አይቀርም፤ ይገባችኋልም። ነገር ግን ቍጣው ሕክምናውን አያዘግየው። አስቀድማችሁ ታከሙ፤ ክርክሩ በኋላ በሽማግሌም ቢሆን ይደርሳል።

በሽታው በእርሷ የተገኘባትና ለባሏ ብትነግረው እንዳይመታት የምትፈራ ሴት ደግሞ ፍርሃቷን ለጤና ሠራተኛው ትንገር። የጤና ሠራተኛው ባልየውን ጠርቶ እርሱ ራሱ ሊያስረዳው ይችላል። የሰውን ምሥጢር መጠበቅ የጤና ሠራተኛ ግዴታ ነው።

ደግሞም ብቻችሁን እንደ ሆናችሁ አይምሰላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ 82 ሚሊዮን ያህል አዲስ ሰዎች በጨብጥ እንደ ተያዙ ገምቷል። በሽታው የሀብታምም የድኻም፣ የከተሜም የባላገርም ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉ የሚሻለው አለመያዝ ነው። ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ ይታመኑ። ሊጋቡ የተጫጩ ከሠርጉ በፊት ይመርመሩ። ለአጨዳም ሆነ ለንግድ ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ሰው ራሱን ይጠብቅ፤ ራሱን መግዛት ያቃተው ግን ያለ ኮንዶም አይገናኝ። ኮንዶም በአግባቡ ከተጠቀሙበት ከጨብጥም ከኤች.አይ.ቪ.ም ይከላከላል። ከቤቱ ርቆ የሰነበተና ጥርጥር ያለበት ሰው ሚስቱን ከመቅረቡ በፊት ይመርመር። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋን እንዳወቀች የእርግዝና ክትትል ትጀምር፤ በጤና ተቋምም ትውለድ።

እንግዲህ ከተናገርሁት ሁሉ ይህን ያህል ይዛችሁ ሂዱ።

1. ጨብጥ በግብረ ሥጋና በወሊድ ይተላለፋል እንጂ ከፀሐይ፣ ከጨረቃ ወይም ከመጸዳጃ አይመጣም።
2. ሴት ምንም ሳያምማት ጨብጥ ሊኖርባት ይችላል።
3. በጤና ተቋም በሚሰጥ ትክክለኛ መድኃኒት ይድናል፤ በገበያ ክኒን ግን ይደበቃል።
4. ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፤ ለ7 ቀንም ይታቀቡ።
5. ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዐይኑ በመድኃኒት ይቀባ።
6. የአራስ ሕፃን ዐይን አብጦ መግል ከያዘ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እናቶች፣ ዛሬ ከዚህ ስትመለሱ የሰማችሁትን በምድጃ ዳር ለልጆቻችሁና ለምራቶቻችሁ ንገሩ። አባቶች፣ እናንተም ለአጨዳ ለሚወርዱት ወጣቶች ከስንቃቸው ጋር ይህን ምክር አስይዟቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከነዚህ ቤቶች የሚወለዱት ሕፃናት ሁሉ በሁለት ዐይናቸው እናታቸውን እንዲያዩ ማድረግ በእጃችን ነው።